መካን

«የእናንተም ፋሲካ ነገ ነው?»

እናቴ በየዓመቱ ቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ ይህን ትጠይቀኛለች። ጠዋት ካህኑና ዲያቆኑ ቃጭል እያቃጨሉ በየቤቱ ሲዞሩ የሰጧት ቄጤማ በግንባሯ ዙሪያ ታስሯል። ከሐሙስ ማታ ጀምራ አክፍላለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ እጇ ግን ሥራ አልፈታም። የድፎው ሊጥ ጓዳ ውስጥ ኩፍ ብሏል፤ በጉ ደጅ ታስሯል። ቤቷ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ፣ ምድሩ ወደ ዓባይ መውረድ ሳይጀምር ባለው ደጋ ላይ ነው። እኔ የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ የሉተራዊቷ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነኝ፤ ለበዓል በደሴ፣ በአቀስታ አድርጌ እመጣለሁ።

«አዎ እማዬ፣ ነገ ነው።»

«እሰይ፣ እንኳን አንድ ቀን ሆነ።»

መልሱን ታውቀዋለች። ድሮ ረስታው የምትጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከአፌ መስማት እንደምትፈልግ ገብቶኛል። ልጇ ከቤቷ ሃይማኖት ወጥቶ በሌላ ጉባኤ ይቆማል፤ ቢያንስ ጌታ የሚነሣው ለሁለታችንም በአንድ ሌሊት መሆኑን ታረጋግጣለች። ነገሩን ሳስበው እኔንም ይደንቀኛል። በጀርመንና በስዊድን ያሉት ሉተራውያን ፋሲካን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ያከብራሉ። በ2016 ዓ.ም. እነሱ ካከበሩ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው እኛ ሚያዝያ 27 ቀን ያከበርነው፤ በ2017 ደግሞ ሁለቱ ሚያዝያ 12 ላይ ገጠሙ። የኢትዮጵያ ሉተራዊ ቀኑን የሚቀበለው ከባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ከእናቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ከኦርቶዶክሷ፣ የዘመን ቀመር ነው። በስብከት፣ በመዝሙር፣ በሥርዓት ስንለያይ በዚህ አልተለያየንም። ጊዜያችን አንድ ነው።

ቦታችን ነው የተለያየው። ማታ አብሬያት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እሄዳለሁ፤ እሷ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ እኔ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከጽዱ ሥር፣ መቃብሮቹ መካከል እቆማለሁ። አባቴ የተቀበረው እዚያ ነው። ስለ መካን ማሰብ የጀመርኩት በዚያ ጽድ ሥር ቆሜ ነው።

በግዕዝ መካን ቦታ ነው። ሥሩ «ኮነ» ነው፤ ሆነ ማለት። ስለዚህ መካን አንድ ነገር የሆነበት፣ መሆን ያረፈበት ነው። ዐረብኛውም ከዚያው ሥር ያው ቃል አለው፤ ከእኛ ቤት ቁልቁል ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሌላ ፊደል ያነቡታል እንጂ ቃሉ አንድ ነው። የምኖርበት ዓለም በዚህ ቃል የተከበበ ነው። የተወለድኩበት መካነ ሰላም፣ የማመልክበት መካነ ኢየሱስ፣ አባቴ ያረፈበት መካነ መቃብር። በአማርኛ ግን «መካን» ሲባል ሰው ሌላ ነገር ይሰማዋል፤ የማትወልድ፣ ፍሬ የሌላት። ሥሩ ሌላ ነው፤ «መከነ» ከሚለው የመጣ ነው። ድምፁ ግን አልተለየም። እናቴ እኔን ከመውለዷ በፊት ሰባት ዓመት በዚህ ቃል ስትጠራ ኖራለች። ውኃ ስትቀዳ ከኋላዋ ይባል የነበረውን ቃል ዛሬም አትናገረውም፤ «ያንን ስም» ትላለች።

ስለዚህ እኔ መካነ መቃብር የሚለውን በሁለት ጆሮ ነው የምሰማው። በግዕዙ ጆሮ የመቃብር ቦታ ነው። በአማርኛው ጆሮ ደግሞ የመከነ ቦታ፣ ከገባበት ነገር አንዱንም መልሶ የማያወጣ ማሕፀን። ሣራ፣ ሐና፣ ኤልሳቤጥ ያንን ስም ተሸክመው ኖረው የወለዱ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ክርስቶስን የሙታን በኵር ስትለው ይህን ቃል ከእነዚህ ሴቶች ቤት ያመጣችው ይመስለኛል። በኵር የሚባለው ማሕፀን የከፈተው ነው። ከዚያ በፊት የወለደ መቃብር አልነበረም።

በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ መልአኩ ለሴቶቹ የነገራቸው ነገር ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የተሰቀለውን ኢየሱስን እንደሚፈልጉ ማወቁን፣ ቀጥሎ እዚያ አለመኖሩንና መነሣቱን፣ ከዚያ በኋላ መጥተው ተኝቶበት የነበረውን ስፍራ እንዲያዩ። ይህ የመጨረሻው ዘወትር ያስገርመኛል። ከሌለ ምኑን ይዩት? ሰው ባዶ ቦታ አይቶ ምን ያያል?

አባቴ ከሞተ በኋላ በቤታችን መደብ ላይ እሱ ይቀመጥበት በነበረው ጥግ ማንም አልተቀመጠም። ማንም አልከለከለም፤ የተነገረ ነገርም የለም። እንግዳ ገብቶ ቢያየው ጭቃ የተለሰነ መደብ ነው የሚያየው። እናቴ ስታየው የቀረ ሰው ታያለች። መቅረት ድንጋይና ዛፍ እንደሚታየው አይታይም፤ የሚታየው ለጠበቀ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ንጋት አንድ መንገደኛ ወደ መቃብሩ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ኖሮ የተወቀረ ዐለትና የተጠቀለለ ጨርቅ አይቶ ባለፈ ነበር። ሴቶቹ ግን ሽቱ ይዘው የመጡ ናቸው፤ ሬሳ ጠብቀው መጥተዋል። ስለዚህ ባዶው ቦታ ለእነሱ ብቻ ተናገረ። ትንሣኤን በመጀመሪያ ያዩት ያዘኑት መሆናቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ያላዘነ ዓይን ያንን ባዶነት የሚያነብበት ፊደል የለውም።

እዚህ ላይ አንድ የሉተራውያን ጥያቄ ይመጣል። በጥቅምት 1529 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሉተርና የዙሪኩ ተሐድሶ መሪ ኡልሪኽ ዝቪንግሊ በጀርመን አገር በማርቡርግ ቤተ መንግሥት ተገናኝተው ስለ ጌታ እራት ተከራከሩ። ዝቪንግሊ እንዲህ አለ፦ ሥጋ ሥጋ ነው፤ አንድ ሥጋ አንድ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ክርስቶስ ዐርጎ በአብ ቀኝ ከተቀመጠ በኅብስቱ ውስጥ ሊሆን አይችልም። ሉተር ጌታ በእራቱ ስለ ሥጋው የተናገራቸውን ቃላት ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ጽፎ በጨርቅ ሸፍኗቸው ነበር፤ በክርክሩ መካከል ጨርቁን ገለጠና አሳያቸው። ከዚያ ንቅንቅ አላለም። ለሉተር የእግዚአብሔር ቀኝ ወንበር አይደለም፤ በሰማይ አንድ ጥግ ያለ ስፍራ አይደለም። የእግዚአብሔር ቀኝ ኃይሉ ነው፤ ኃይሉ የሌለበት ቦታ ደግሞ የለም። በአብ ቀኝ መቀመጥ እንግዲህ ከእኛ መራቅ ሳይሆን በሁሉ ስፍራ መቅረብ ነው።

ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ጉባኤ ያደረገ ክርክር ነው፤ ለዛሬ አንባቢ ግን የጠመኔ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። እኔ ቁም ነገሩ የገባኝ በሌላ በኩል፣ ከመቃብሩ ስነሣ ነው። ክርስቶስ በሁሉ ስፍራ ካለ መልአኩ ስለ ምን በዚህ የለም ይላል? በሁሉ ያለ ከዚያ ዐለት ውስጥ ብቻ እንዴት ይታጣል?

ሉተር ራሱ በእነዚያ የክርክር ዓመታት መልሱን በአንድ ልዩነት ላይ አቁሞታል፤ እግዚአብሔር በአንድ ቦታ መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ለአንተ መኖሩ ሌላ ነው ይላል። በድንጋዩም በእሳቱም በውኃውም አለ፤ እዚያ ሂደህ ፈልገው ግን አላለህም። እዚህ ፈልገኝ ብሎ ራሱን በቃል ያሰረበት ቦታ አለ፦ በወንጌሉ፣ በጥምቀቱ፣ በእራቱ። «ለአንተ» የሚለው ትንሽ ቃል ነው ሁሉን የሚለየው። በዚህ ልዩነት ሳነበው መልአኩ የነገራቸው ግልጽ ይሆንልኛል። ለእናንተ እዚህ የለም። ሽቱ የምትቀቡት፣ የምታስቀምጡት፣ በሬሳነቱ የምትይዙት ሆኖ አታገኙትም። በገሊላ ይቀድማችኋል።

ይህን ስል ስለ ቦታ ቀለል አድርጌ መናገር አይሆንልኝም፤ የመጣሁበት አገር ራሱ አይፈቅድልኝም። የዛሬው ደቡብ ወሎ ከፍታ ቤተ አማራ ይባል በነበረበት ዘመን ዐፄ ናኦድ መካነ ሥላሴ የተባለ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመሩ፤ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችን ሳለ አይቶ ጽፎለታል፤ የናኦድ አፅም በታላቅ ሥነ ሥርዓት ወደዚያ ሲፈልስም ነበረ። ግድግዳው በወርቅ የተለበጠ እንደ ነበር ያፈረሱትም ሳይቀሩ መስክረዋል። በ1531 በወቅቱ በተነሣው ጦርነት ተቃጠለ። ለዘለዓለም ያርፍበታል ተብሎ የንጉሥ አፅም የተሸከመ ቦታ ተጠናቆ ብዙም ሳይቆይ አመድ ሆነ።

ከዚያ ቃጠሎ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1534፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ደርሶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ተነጋገረ። የሰጡት የመሸኛ ደብዳቤ ዛሬም አለ፤ በሥርዓት ልዩነት ቢኖርም ያ የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ፣ የራሳቸው የጌታ እራት አፈጻጸም ከምሥራቁ ቤተ ክርስቲያን ጋር እንደሚስማማ ይመሰክሩለታል። በአገሩ ቤተ ክርስቲያኖቹ እየነደዱ አንድ ዲያቆን በሰው አገር ስለ ኅብስትና ጽዋ ሲነጋገር አስቡት። እናቴ «እንኳን አንድ ቀን ሆነ» ስትለኝ ያ ደብዳቤ ትዝ ይለኛል፤ ሳታነበው ተመሳሳዩን ትናገራለች።

ይበልጥ የሚነካኝ ግን አባ ጎርጎርዮስ ነው። የመካነ ሥላሴ ሰው ነው፤ የዚያው የተቃጠለው ቦታ ልጅ። በሮም ሳለ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ከኤርፈርት የመጣ ወጣት ሉተራዊ ሊቅ አገኘው፤ በ1652 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋብዞት ጀርመን አገር ገባ። ያረፈበት ቤተ መንግሥት ፍሪደንሽታይን ይባላል፤ የሰላም ድንጋይ እንደ ማለት ነው። ጀርመኖች በሃይማኖት ስም ሠላሳ ዓመት ተፋጅተው ከታረቁ ገና አራት ዓመታቸው ነበር። አንዱ ከቤተ አማራ የመጣ መነኩሴ፣ አንዱ ግዕዝን ከመጽሐፍ የለቀመ ሉተራዊ፣ እየተደናቀፉ ተግባቡ። ከዚያ ጨዋታ በ1681 ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የተጻፈው ትልቅ መጽሐፍ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ወጡ። እኔ አሁን የምጽፍበት ቋንቋ በአውሮፓ ማተሚያ ቤት ሰዋስው የተበጀለት ከአንድ የአገሬ ሰው አፍ ተቀድቶ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 መርከቡ ሰጠመ። የማውቀው መቃብር የለውም። ከመካነ ሥላሴ ተነሥቶ በሰላም ድንጋይ አርፎ፣ የመጨረሻ መካኑ ባሕር ሆነ። «የተኛበትን ስፍራ ኑና እዩ» የማይባልለት ሰው ነው። ቅዳሜ ሹር ሌሊት በጽዱ ሥር ቆሜ አንዳንድ ጊዜ ስሙን ለራሴ እጠራዋለሁ።

አሁን ወደ ከበደኝ ልመጣ።

መካነ ኢየሱስ የሚለው ስም በመጀመሪያ የአዲስ አበባው ጉባኤ ስም ነበር፤ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ስትመሠረት ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። የኢየሱስ ስፍራ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ምን ያህል ከባድ ስም እንዳወጡ ያወቁት ከሃያ ዓመት በኋላ ይመስለኛል። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ ዑራኤል ከሚገኘው ጉባኤ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። ወ/ሮ ፀሐይ ያን ሌሊት ተለቀቁ። ቄስ ጉዲና ተገደሉ። ከዚያ በፊት ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር፤ ከመንጋው ተለይቼ አልሄድም ብለው ቀርተዋል። ቦታቸውን መረጡ ማለት ነው።

የተቀበሩበት ግን አልታወቀም። ቀጥሎ ወ/ሮ ፀሐይ ራሳቸው ታስረው ዐሥር ዓመት ያህል በወህኒ ኖሩ። መግደላዊት ማርያም በአትክልቱ ስፍራ እያለቀሰች የተናገረችው፣ ጌታዋን ወስደውታል፣ የት እንዳኖሩት አታውቅም፣ ለእሳቸው የአንድ ማለዳ ለቅሶ አልነበረም፤ ዐሥራ ሦስት ዓመት ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የባለቤታቸው አፅም የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ ከነበረው ግቢ ተቆፍሮ ወጣና በወገን ፊት፣ በጸሎት ተቀበረ።

ከላይ ስለ ቦታ ያልኩትን ሁሉ በዚህ ሚዛን ላይ ካላስቀመጥኩት ዋጋ የለውም። ለአንዲት መበለት «ክርስቶስ በሁሉ ስፍራ አለ፤ ባልሽ የት እንደ ተቀበረ ምን ያደርግልሻል» ብሎ የሚናገር የሉተር ተማሪ ቢኖር ሉተርንም ጌታንም አልሰማም። ሴቶቹ ሽቱ ይዘው ሲመጡ መልአኩ አልገሠጻቸውም። ስፍራውን አሳያቸው እንጂ ስፍራ አያስፈልጋችሁም አላላቸውም። ትንሣኤ መቃብርን የሚያቃልል ቢሆን ኖሮ የሰው አፅም ከአትክልት ሥር አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ገንዞ ማክበር ምን ያስፈልግ ነበር? የምናከብረው ስለሚነሣ ነው። በዚያ ቀን የተደረገው ቀብር ለእኔ የፋሲካ አምልኮ ነው፤ በዐሥራ ሦስት ዓመት የዘገየ የቅዳሜ ሹር ሌሊት። ቅዳሜ ሹር የተሻረች ቅዳሜ ናት፤ ቅዳሜ አይጾምም፣ እሷ ግን ትጾማለች። ጌታ በመቃብር ነው፤ ሥጋው ያለበት ይታወቃል፤ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። በአገራችን ያቺን ቅዳሜ ዓመታት ሙሉ የኖሩ፣ ዛሬም የሚኖሩ ብዙ ቤቶች አሉ። እነሱ ግን ሟቻቸውን የት እንዳኖሩት አያውቁም። የፋሲካ ስብከት ለእነሱ የሚለው ነገር ከሌለው ለእኔም የለውም።

የሚለው ነገር አለ። በትንሣኤው ቀን ማታ ደቀ መዛሙርቱ ፈርተው በር ዘግተው ተቀምጠዋል። በሩ እንደ ተዘጋ መጣ፤ በመካከላቸው ቆመ። ያወጣው የመጀመሪያ ቃል ሰላም ነው። ቀጥሎ የቆሰለ እጁንና ጎኑን አሳያቸው። ይህ ወንጌል ከቶማስ ታሪክ ጋር በሳምንቱ እሑድ ይነበባል፤ በእናቴ ቤተ ክርስቲያን በዳግማ ትንሣኤ፣ በሉተራውያንም ከጥንት ጀምሮ በዚያው እሑድ። እሷ በመካነ ሰላም ዳርቻ፣ እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ፣ በሁለት ቦታ አንድ ነገር እንሰማለን። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከዚያም በኋላ በክልሉ ግጭቱ ሳይበርድ፣ ከደጋው ጋር በስልክ ብቻ የተገናኘሁባቸው፣ ስልኩም የጠፋባቸው ጊዜያት ነበሩ። መካነ ሰላም የሚለውን ስም በእነዚያ ቀናት ስጠራው ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ነበር። በር ዘግቶ መቀመጥ ምን እንደ ሆነ የወሎ ሰው ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ጌታ ሰላም ያለው በሩ ከተከፈተ፣ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ አልነበረም። በተዘጋው ውስጥ ገብቶ፣ ቁስሉን ይዞ ነው። የተወለድኩባት ከተማ ስሟን የምትሸከመው በዚህ መንገድ ከሆነ ልትሸከመው ትችላለች። ሰላም ስለሞላባት ሳይሆን ሰላም ባጣች ሰዓት እንኳ የሚመጣበት ስለማይከለከል።

በደጋው መንገድ፣ በአቀስታ በኩል ስመጣ፣ በልጉ ከሠመረ ገብሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆየኛል። ዝናቡ የቀረበት ዓመት ግን መሬቱ ቀይ ሆኖ ይጠብቀኛል፤ ያን ጊዜ በመኪናው ውስጥ ጨዋታ ይቀዘቅዛል። የወሎ ሰው የተዘራ ሁሉ እንደማይበቅል ያውቃል፤ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ያየ ሕዝብ ነው። ስለዚህ በምድር የወደቀች ዘር ሞታ ብዙ ታፈራለች የሚለውን ምሳሌ እዚያ ስሰማው እንደ ከተማው አይደለም። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይህን ቃል ሲሰሙ «ዘሩን መጣል ነው ጭንቁ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ልጅ እየራበው ለዘር የተቀመጠ እህል ከጎተራ አውጥቶ አፈር ውስጥ መጣል። ስለ እምነት ከሰማኋቸው ስብከቶች ውስጥ ከዚህች ንግግር የበለጠ አላስታውስም።

ከፋሲካው ወንጌል ሁሉ ለወሎ የቀረበው ግን የኤማሁስ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሰዎች አዝነው ይሄዳሉ፤ አንድ የማያውቁት ሰው ይቀላቀላቸዋል፤ ሲመሽ አልፎ ሊሄድ ይላል፤ መሽቷል፣ እኛ ጋ እደር ብለው ግድ ይሉታል። ይህ የእኛ ደጅ ነው። «የመሸበት እንግዳ፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለ ሰው በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ ደጅ ላይ አይቀርም፤ ሃይማኖቱን ሳይጠይቁት እግሩን ያጥቡታል። እንግዳው ኅብስቱን ሲቆርስ ዓይናቸው ተከፈተ፤ ወዲያውም ከፊታቸው ተሰወረ። እንደገና ባዶ ቦታ። መቃብሩ ውስጥ እንደ ነበረው ባዶ ሳይሆን በማዕድ ላይ፣ የተቆረሰ እንጀራ ፊት ለፊት ያለ ባዶ። ሉተር በማርቡርግ የተከራከረለት ነገር በሙሉ ለእኔ በዚህ ማዕድ ላይ አለ። በዓይን የያዙት ሲመስላቸው ሄደ፤ በእጃቸው የቀረው ቁራሽ ነው፤ ቁራሹ ግን በቂ ነበር፤ በዚያው ሌሊት ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ።

በወሎ ሥጋ ይለያል። ሰርግ ሲሆን የእስላሙም የክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፤ ማንም አይቀየምበትም። እንጀራውና ቡናው ግን አይለይም። ፋሲካ ጠዋት ሙስሊም ጎረቤታችን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ስትመጣ እናቴ ድፎ ትቆርስላታለች፤ ከወጡ አታስጠጋትም፤ ሴቲቱም ቅር አይላትም። እኔ የሌላ ጉባኤ ሰው፣ ጎረቤታችን የሌላ ሃይማኖት ሰው፣ እናቴ ባለቤት፣ ሦስታችን ከአንድ ድፎ እንበላለን። ይህ የጌታ እራት አይደለም፤ እንደዚያ ብዬ ማንንም አላሳዝንም። ግን ጌታ በሥጋ ስንለያይ በኖርንበት ዓለም ላይ ኅብስት መሆንን የመረጠበትን ምክንያት ከዚያ ማዕድ በተሻለ የነገረኝ የለም።

ከዚያ አምሳው ቀን ይቀጥላል። ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ስግደትም የለም፤ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የተጎዘጎዘው ቄጤማ ይደርቃል፣ ይጠረጋል። በአርባኛው ቀን ዕርገት ይመጣል፤ ዝቪንግሊና ሉተር በትርጉሙ የተለያዩበት ያ ዕርገት፤ ደቀ መዛሙርቱም አንጋጠው ባዶ ሰማይ ሲያዩ ስለ ምን ትመለከታላችሁ ይባላሉ። ያ ሁሉ ግን የሚጀምረው ከዚያ ሌሊት ነው።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። አምና ጨረቃዋ ደመና ገብታ ነበር። ከውስጥ ዜማው ይሰማል፤ ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ያዝናል። እኔ በአባቴ ራስጌ በኩል ቆሜያለሁ። ብርዱ ከዓባይ ሸለቆ ሽቅብ ይመጣል። ድንገት ከበሮው ተመታ፤ እልልታው ከሴቶቹ በኩል ተነሣ፤ በሩ ሁሉ ተከፈተና ሰው ጧፍ ይዞ መውጣት ጀመረ። መብራቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተለኮሰ በመቃብሮቹ መካከል ፈሰሰ። እናቴ ከሰው መካከል ወጥታ ቆመች። ዓይኗ ደከም ብሏል፤ ከጧፏ ብርሃን ወዲያ አታይም። ጧፉን ከፍ አድርጋ ወደ ጽዱ በኩል ዞረች።

«የት ነህ?»

«እዚህ ነኝ፣ እማዬ።»

በመቃብሮቹ መካከል ቀስ ብላ፣ የአባቴን ድንጋይ በእግሯ ሳትነካ አልፋ መጣች። ሁለተኛ ጧፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ ከራሷ ለኩሳ ሰጠችኝ።